አቶ ኦርቪል ምን ይብሉ? የጊዜያዊው የጤናማ ምግብ ኮሚቴ ውሎ

የስብሰባው ቀን፦ ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ቦታ፦ ሚኒሶታ፣ ሜፕል ፎርክ ከተማ፣ የምዕራብ ሜፕል ፎርክ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ረጅም ጠረጴዛ

ሰዓት፦ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ፣ በረዶ ጠራጊው መኪና እስኪያልፍ ተጠብቆ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦

1. ወ/ሮ ላቮን ስቴንስሩድ፣ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት
2. ወ/ሮ ቨርና ሀከሩድ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ
3. አቶ ዱዌን ፍሌም፣ አባል፤ ጡረታ የወጡ የበቆሎ ዘር ነጋዴ
4. ቦኒ ራስክ፣ አባል፤ የማክሰኞ ጠዋት የስፖርት አሠልጣኝ
5. አቶ ኦርቪል ትቬት፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው
6. ክላረንስ ኢቨርሰን፣ ጸሐፊ፤ ድምፅ የሌለው

ያልተገኙ፦ ፓስተር ክሪስቲን ሎፍትነስ፤ ሕመምተኛ ሊጠይቁ ሄደው። የትኛውን ሕመምተኛ እንደሆነ አልገለጹም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ከጸሐፊው ሌላ አምስት ሰው ይጠይቃል። አቶ ዱዌን፣ አንድ ሰው በራሱ ሆድ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ አግባብ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሰብሳቢዋ፣ አቶ ኦርቪል ከወጡ አራት ብቻ እንደሚቀሩ በሒሳብ አስረዱ። ስለዚህ አቶ ኦርቪል ለቁጥር እንዲቆጠሩ፣ ለድምፅ ግን እንዳይቆጠሩ ተወሰነ። አቶ ኦርቪል፣ "እኔ ግድ የለኝም፤ እናንተ እንደተመቻችሁ" አሉ። ይህ ንግግር በየአጀንዳው ስለተደገመ ከዚህ በኋላ "እንደ ወትሮው ተስማሙ" እየተባለ ይመዘገባል።

ሰብሳቢዋ በጸሎት ከፈቱ። ጸሎቱ ስብሰባውን ለመባረክ ይሁን ምግቡን ለመባረክ አልተለየም።

የስብሰባው ምክንያት፦ ባለፈው እሑድ አቶ ኦርቪል የመባውን ሳህን ሲያዞሩ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሳህኑን ግን አልጣሉትም። ለአጠገባቸው ሰው አቀብለው፣ "ይቅርታ" ብለው ነው የወደቁት። ክሊኒክ ተወስደው ሐኪሟ ከላይ እስከ ታች ከመረመረቻቸው በኋላ፣ "ልባቸውም ደማቸውም ደህና ነው። ርቧቸው ነው። ይብሉ" ብላለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ምክር ቤት የሐኪሟን ቃል ያልተሟላ ሆኖ አግኝቶታል። "ይብሉ" ማለት ምን? ከምን ጋር? በስንት ሰዓት? አቶ ኦርቪል፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ አርዲስ በመከር ካረፉ ወዲህ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠው የሚበሉት የረቡዕ ማታውን የቤተ ክርስቲያን እራት ብቻ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ኮሚቴ ጤናማ ምግብ ምን እንደሆነ ወስኖ የእራቱን ዝርዝር እንዲያስተካክል፣ አቶ ኦርቪልም ዳግም እንዳይወድቁ ተብሎ ተቋቋመ። ውሳኔው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይጸናል። እራት የሚቀርበው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ተራ ቁጥር 1፦ ሆትዲሹ

ወ/ሮ ቨርና ለዛሬ ማታ ከጋገሯቸው ትሪዎች አንዱን በማስረጃነት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እንደሚታወቀው ከሥር የተፈጨ ሥጋ፣ ከመሃል የእንጉዳይ ሾርባ፣ ከላይ ተደርድሮ ቡናማ እስኪሆን የተጋገረ ድንች ነው። ሰብሳቢዋ ማስረጃውን በቃል መግለጽ ይበቃ እንደነበር አሳሰቡ። ወ/ሮ ቨርና፣ "ሳትቀምሺው ልትፈርጂበት ነው? ጲላጦስ እንኳ መጀመሪያ ጠይቋል" ሲሉ መለሱ። ኮሚቴው ማስረጃውን መመርመር ተገቢ መሆኑን ስላመነ ምርመራው በየሳህኑ ተጀመረ።

ወ/ሮ ቨርና ወደ አቶ ኦርቪል ዞረው፣ "አንተስ ኦርቪል?" አሏቸው።

"አይ፣ ደህና ነኝ። ለሌሎቹ ይሁን።"

"ትንሽ? ከጥጉ፣ ጠቆር ያለውን፣ የምትወደውን?"

"አይ አይ፣ አትቸገሪ።"

በዚህ ጊዜ አቶ ዱዌን የሥርዓት ጥያቄ ስላነሱ ጉዳዩ በዚሁ ታለፈ።

የአቶ ዱዌን የሥርዓት ጥያቄ ድንቹን የሚመለከት ነበር። ድንቹን ከላይ እየለቀሙ በሳህናቸው ጠርዝ ላይ ደረደሩና፣ የሚያወፍረው ይህ እንደሆነ፣ ሥጋ ግን ማንንም አወፍሮ እንደማያውቅ አስረዱ። "ወፍራም አንበሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ሲሉ ጠየቁ። ቦኒ፣ አንበሳ እራቱን ሮጦ ይዞ እንደሚበላ፣ አቶ ዱዌን ግን ከመኪናቸው እስከ በሩ ድረስ እንኳ በረዶው ይጠረግልኝ ማለታቸውን አስታወሰች። ወ/ሮ ቨርና፣ ላም ሣር ብቻ በልታ ያን ሁሉ መክበዷን ጠቅሰው፣ ሣርም ይከልከል እንደሆነ ማብራሪያ ጠየቁ። ማብራሪያ አልተሰጠም።

ሰብሳቢዋ፣ ችግሩ ያለው ድንቹ ላይ ሳይሆን ሥጋው ላይ ነው አሉ። ስብ የበላ ሰው ስብ ይሆናል፤ ነገሩ ቀላል መደመር ነው።

ወ/ሮ ቨርና፦ "እንግዲያውስ ካሮት የበላ ካሮት ይሆናላ!"

ሰብሳቢዋ፦ "ቨርና፣ እየቀለድኩ አይደለም።"

ወ/ሮ ቨርና፦ "እኔም እየቀለድኩ አይደለም። የጎረቤቴ የላርስ ልጅ ካሮት ካሮት ስትል አፍንጫዋ ብርቱካን መስሎ ነበር።"

ቦኒ በበኩሏ፣ ሥጋውም ድንቹም ይቅር ይባላሉ፤ ከቆርቆሮ የወጣው ሾርባ ግን "ሕይወት የሌለው ምግብ" ነው አለች። አቶ ዱዌን፣ ሕይወት ያለው ሾርባ ቢቀርብላቸው እንደማይጠጡ አስመዘገቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማንም እንዳይከፋ ሲባል የሁሉም ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ። በዚህም መሠረት ሆትዲሹ እንዲፈቀድ፣ ሆኖም ሥጋው፣ ሾርባውና ድንቹ እንዲወጡለት በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ወ/ሮ ቨርና የተረፈው ትሪው ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል። አቶ ኦርቪል እንደ ወትሮው ተስማሙ።

ተራ ቁጥር 2፦ ዳቦ

አቶ ዱዌን ዳቦ ካቆሙ ወዲህ ቀበቷቸው ወደ ውስጥ እንደገባ ተነሥተው አሳዩ። ሰብሳቢዋ ሐሙስ ዕለት በነዳጅ ማደያው በር ላይ፣ በመኪናቸው ውስጥ ሆነው ዶናት ሲበሉ የታዩትን ሰው ማንነት ጠየቁ።

አቶ ዱዌን፦ "ዶናት ዳቦ አይደለም። ደግሞ መሃሉ ባዶ ነው።"

ሰብሳቢዋ፦ "ስንት በላህ?"

አቶ ዱዌን፦ "ባዶውን መቁጠር እንዴት እንደሚቻል አንቺ መምህሯ ንገሪኝ።"

ሰብሳቢዋ ነጩ ዳቦ ይከልከል፣ ቡናማው ግን ይፈቀድ የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ቨርና፣ ከከተማ የሚመጣው ቡናማ ዳቦ ያው ነጩ ዳቦ ሆኖ ጥቂት የሸንኮራ አተላ ጠጥቶ የጠቆረ መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢዋ ባለፉት ዓመታት የበሉትን ቡናማ ዳቦ በልባቸው ሲያሰሉ ይመስሉ ነበር።

ሁለቱም ዓይነት ዳቦ ተከልክሏል። አቶ ኦርቪል እንደ ወትሮው ተስማሙ።

ተራ ቁጥር 3፦ እንቁላል፣ ቅቤና ስኳር

ሰብሳቢዋ የእንቁላል አስኳል ለልብ ጠላት መሆኑን፣ እርሳቸው ነጩን ብቻ በልተው አስኳሉን ለድመታቸው እንደሚሰጡ ተናገሩ። ወ/ሮ ቨርና የድመቷን ጤንነት ጠየቁ። ድመቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነና ትናንት ከጣሪያ ላይ መውረዷ ታወቀ። አቶ ዱዌን ለልብ የሚበጀው ከባለቤቷ ምግብ ይልቅ የድመቷ ምግብ እንዳይሆን ስጋታቸውን ገለጹ። ሰብሳቢዋ ይህ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። መታዘዙ ተመዝግቧል።

ቅቤን በተመለከተ፣ ሰብሳቢዋ "ከስብ ነጻ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስኩት ከቦርሳቸው አውጥተው ለአርአያነት አሳዩ። ከስብ ነጻ ስለሆነ ምን ያህል ቢበላም እንደማይቆጠር ገለጹ። ቦኒ ጽሑፉን አገላብጣ፣ ስቡ ወጥቶ ስኳር እንደገባበት አነበበች። ሰብሳቢዋ የሚያነቡት የፊቱን ብቻ እንደሆነ አመኑ።

በስኳር ላይ ወ/ሮ ቨርና ጠንካራ አቋም ያዙ። ስኳር መርዝ ነው፣ ማር ግን መድኃኒት ነው አሉ። ቦኒ ማርም ሆድ ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር መሆኑን ለማስረዳት ስትሞክር፣ "አንቺ ልጅ፣ ንብ ነው የሠራው! ንብ ልትሳሳት ነው?" ተብላ ተገሠጸች።

እንቁላል፣ ቅቤና ስኳር ተከልክለዋል። ማር ለንቧ ሲባል ታልፏል። አቶ ኦርቪል እንደ ወትሮው ተስማሙ።

በዚህ ሰዓት ማስረጃው ግማሽ ትሪ ያህል ቀርቶ ነበር። "ሲበሉ አድርሰኝ፣ ሲጣሉ መልሰኝ" ይባላል። እየበሉ የሚጣሉትን በተመለከተ ግን ተረቱ መመሪያ አይሰጥም።

ተራ ቁጥር 4፦ ጉበትን ስለማጽዳት

ቦኒ ከሰለሪ የተጨመቀ አረንጓዴ ጭማቂ በፔርሙስ ይዛ መጥታ ለእያንዳንዱ አባል ቀዳች። የሰው ጉበት በመርዝ የተሞላ መሆኑንና በየጠዋቱ በዚህ መታጠብ እንዳለበት አብራራች።

ወ/ሮ ቨርና፦ "የምን መርዝ?"

ቦኒ፦ "መርዝ ነዋ፣ ወይዘሮ ቨርና። በአጠቃላይ መርዝ።"

አቶ ዱዌን ጉበት እንደ ቤት ማሞቂያ ማጣሪያ በየክረምቱ የሚቀየር ክፍል እንዳለው ጠየቁ። ወ/ሮ ቨርና፣ ጉበታቸው ዕድሜ ልኩን ራሱንም እርሳቸውንም ሲያጸዳ እንደኖረ፣ አሁን ረዳት ቢቀጥሩበት ሊቀየማቸው እንደሚችል ተናገሩ። ቦኒ ሥልጠና ላይ የሰማችው መሆኑን ገለጸች። ማን እንዳሠለጠናት ስትጠየቅ ጭማቂ መጭመቂያውን የሸጠላት ሰው ሆኖ ተገኘ።

የሆነ ሆኖ ልጅቷ ደክማ ያመጣችውን መመለስ ነውር ስለሆነ ጭማቂው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከአቶ ኦርቪል በቀር ማንም አልጠጣውም። አቶ ኦርቪል የራሳቸውን ጨርሰው፣ አቶ ዱዌን ቀስ አድርገው ወደ እርሳቸው የገፉትንም ጠጡ። "ለምጄዋለሁ" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ በወቅቱ የጠየቀ የለም።

ተራ ቁጥር 5፦ የመብያ ሰዓት

ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የተበላ ነገር ሁሉ እንዳለ ወደ ስብ እንደሚለወጥ ሰብሳቢዋ ገለጹ። በዚህ ላይ ስምምነት ነበር። ጥያቄው የመጣው ከአቶ ዱዌን ነው። በመጪው ወር የአገሩ ሰዓት በሙሉ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። እንግዲህ ዛሬ በአሥራ አንድ ተኩል የሚበላው ሆትዲሽ ያን ጊዜ በአሥራ ሁለት ተኩል የተበላ ይሆናል ማለት ነው። ሆድ ይህን በምን ያውቃል? ማን ይነግረዋል?

ከፍተኛ ክርክር ተደረገ። ቦኒ ሆድ በፀሐይ ነው የሚሄደው አለች። ወ/ሮ ቨርና በዚህ ወር ፀሐይ ከቀትር በኋላ ብዙም ስለማትቆይ ሰው ምሳውንም በስጋት ሊበላ እንደሆነ ጠቆሙ። አቶ ዱዌን ወደ ምዕራብ ግማሽ ቀን ነድቶ የሰዓት ክልሉን መስመር የተሻገረ ሰው የበላው እራት ከስብነት ወደ ምግብነት ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ማስላት ጀምረው ትተውታል።

ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መብላት እንዲከለከል፣ ሰዓቱም በምድር ቤቱ የግድግዳ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። የግድግዳው ሰዓት ከመከር ጀምሮ የቆመ ነው። አቶ ኦርቪል እንደ ወትሮው ተስማሙ።

በትሪው ላይ በዚህ ሰዓት አንዲት የመጨረሻ ቁራጭ ቀርታ ነበር። የመጨረሻ ቁራጭ የሚያነሣ በዚህ ቤት ስለሌለ ሰብሳቢዋ ግማሿን ቆርጠው ወሰዱ። ቀጥሎ ቦኒ የግማሿን ግማሽ፣ ቀጥሎ አቶ ዱዌን የዚያችን ግማሽ ወሰዱ። የቀረችው የቴምብር ያህል ነበረች።

ተራ ቁጥር 6፦ ውሃ

በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ግዴታ መሆኑ ያለ ክርክር ከጸደቀ በኋላ፣ አቶ ዱዌን ቡና ይቆጠር እንደሆነ ጠየቁ። ቦኒ ቡና ውሃን ስለሚያስወጣ አይቆጠርም አለች። አቶ ዱዌን፣ በሌላ ቤት የሚፈላው እንደዚያ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚህ ምድር ቤት የሚፈላው ግን በየትኛውም መለኪያ ውሃ መሆኑን፣ የጽዋውን ታች እያሳዩ አስረዱ። ወ/ሮ ቨርና ማንቆርቆሪያውን ከጠረጴዛው አነሡ።

የዚህ ቤተ ክርስቲያን ቡና ውሃ ነው የሚለው በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ወ/ሮ ቨርና ለአቶ ዱዌን ያሉት ነገር ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ተራ ቁጥር 7፦ ልዩ ልዩ፤ የዛሬ ማታ እራት

ሰብሳቢዋ ከተከለከሉት የተረፈውን እንዲያነብ ጸሐፊውን አዘዙ። ጸሐፊው የሚከተለውን አነበበ፦ ትሪ፣ የሰለሪ ጭማቂ፣ ማር፣ ውሃ፣ ቡና የሚባል ውሃ።

ወ/ሮ ቨርና፣ የተረሳ ነገር እንዳለ ተናግረው ከማቀዝቀዣው የተፈገፈገ ካሮት ያለበትን፣ በውሃ ተበጥብጦ ቀዝቅዞ የረጋ አረንጓዴ ጄሎ አመጡ። ሰብሳቢዋ ጄሎ ሰላጣ መሆኑን፣ ሰላጣም ጤናማ መሆኑን አስታወቁ። ቦኒ ሰላጣ አለመሆኑን፣ አቶ ዱዌን ምግብ መሆኑንም እንደሚጠራጠሩ ተናገሩ። ጄሎው ሲነካ ተንቀጠቀጠ። ምንነቱን ማረጋገጥ የቻለ ባለመኖሩ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሊከለከል ስለማይችል፣ ተፈቀደ።

ሰብሳቢዋ በሥራው መሳካት መርካታቸውን ገልጸው፣ ለመዝጊያ ያህል፣ "ኦርቪል፣ ለመሆኑ አንተ እስከ ዛሬ ምን ስትበላ ነው የከረምከው?" ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው በኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ኦርቪል፦ "ያው እናንተ ያላችሁኝን።"

ሰብሳቢዋ፦ "ምን አልንህ?"

አቶ ኦርቪል፦ "አንቺ ስለ ሥጋው፣ ስለ እንቁላሉና ስለ ቅቤው ደወልሽልኝ፤ ተውኩት። ዱዌን ስለ ዳቦና ድንቹ ነገረኝ፤ ተውኩት። ቦኒ በየሳምንቱ ጭማቂውን ደጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ እግዜር ይስጣትና። ቨርና ስኳር ትተህ ማር ላስ አለችኝ። ማር አልወድም፤ ግን ላስኩ። ላሞቼን አልቤ ቤት ስገባ ደግሞ ሁሌ አሥራ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ያን ጊዜ ውሃዬን እጠጣና እተኛለሁ።"

ጸሐፊው፣ ኮሚቴው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደክሞ ያጸደቀው ዝርዝርና አቶ ኦርቪል እሑድ የወደቁበት ምግብ አንድ መሆኑን፣ ልዩነቱ ጄሎው ብቻ መሆኑን ለቃለ ጉባኤው ትክክለኛነት ሲል አሳወቀ።

አቶ ዱዌን፦ "እኔ እኮ ዳቦ ብቻ ነው ያልኩት!"

ሰብሳቢዋ፦ "እኔም አስኳሉን ብቻ ነው ያልኩት። ነጩን ብላ ብዬዋለሁ። ብዬህ አልነበረም?"

ቦኒ፦ "እኔ ምንም አልከለከልኳቸውም፤ ጨመርኩላቸው እንጂ።"

ወ/ሮ ቨርና፦ "አንተስ ኦርቪል፣ ሰው ያለህን ሁሉ ትሰማለህ እንዴ? ዱዌንን የሚሰማ ሰው አለ?"

አቶ ዱዌን ይህ አነጋገር እንዲታረም ጠየቁ። አልታረመም።

አቶ ኦርቪል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ መለሱ፦ "አንዱን ሰምቼ ሌላውን ብተው ቅር ትሰኛላችሁ ብዬ ነው። ደግሞ... አርዲስ ካረፈች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ስለ ምግብ ልትነግሩኝ ስትደውሉ ነው። ሲጮህ ደስ ይለኛል።"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "በገና እራት ና ብዬህ እኮ ነበር፣ ኦርቪል። አልመጣህም።"

"አዎ ብለሽኛል። ሁለቴ።"

ይህን ቃለ ጉባኤ ከሌላ አገር የሚያነብ ካለ እንዲረዳው፦ በሜፕል ፎርክ የመጀመሪያው "ብላ" ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፤ ግብዣ የሚባለው ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ላይ እሺ የሚል ሰው ወሬው ሳምንት ይቆያል። ይህ በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም፤ የማያውቀው የለምና።

አቶ ዱዌን እርሳቸው ስንት ጊዜ እንደጋበዙ ጠየቁ። አቶ ኦርቪል፣ "አንተም ሁለቴ። ከዚያ ስለ ድንቹ ጀመርክ" አሉ። ቦኒ ጥያቄ አላቀረበችም።

ሰብሳቢዋ፣ "ዛሬስ?" አሉና ጸሐፊው ከተራ ቁጥር 1 እንዲያነብ አዘዙ። ጸሐፊው አነበበ፦ ወ/ሮ ቨርና አንድ ጊዜ፣ "አንተስ ኦርቪል" በማለት። ወ/ሮ ቨርና ሁለተኛ ጊዜ፣ ጥጉን ጠቅሰው። ከዚያ የአቶ ዱዌን የሥርዓት ጥያቄ። ሦስተኛ የለም።

ወ/ሮ ቨርና ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። "ወይ ጉዴ! ለሁለት ሰዓት አፌን ከፍቼ ስከራከር አጠገቤ ተርቦ ተቀምጧል።"

አቶ ኦርቪል፦ "ኧረ ምንም አይደለም፣ ቨርና።"

ወ/ሮ ቨርና፦ "አርዲስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

አቶ ኦርቪል፦ "አርዲስማ አትጠይቀኝም ነበር። ሳህኑን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች።"

በዚህ ላይ አቶ ዱዌን፣ አቶ ኦርቪል ሦስተኛ ጊዜ እንዲጠየቁ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ቦኒ ደገፈች። ሦስተኛውን የሚጠይቀው ማን ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። ሰብሳቢዋ በሰብሳቢነታቸው፣ አቶ ዱዌን በሐሳብ አቅራቢነታቸው፣ ወ/ሮ ቨርና ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስለጠየቁ ሦስተኛው የእርሳቸው ቀሪ መሆኑን በመግለጽ ተከራከሩ። የወ/ሮ ቨርና መከራከሪያ አሸነፈ።

ወ/ሮ ቨርና ተነሥተው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ "ኦርቪል፣ ብላ" አሉ።

አቶ ኦርቪል፣ "እንግዲህ... ካልከበደሽ" አሉ።

ሆኖም ትሪው ሲታይ በላዩ ላይ ያለችው የቴምብሯ ቁራጭ ብቻ ነበረች። የቀሩት ትሪዎች በወጥ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ትኩስ እንደሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ በተራ ቁጥር 1 ውሳኔ መሠረት ሥጋቸው፣ ሾርባቸውና ድንቻቸው ሳይወጣ ለአቶ ኦርቪል ማቅረብ የደንብ ጥሰት መሆኑን ሰብሳቢዋ አስታወሱ። ወ/ሮ ቨርና ሰብሳቢዋን አይተው ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ። ኮሚቴው የደንብ ጥሰቱ ከመድረሱ በፊት ውሳኔውን ለመሻር ተቻኮለ፤ ወ/ሮ ቨርና ግን ቀደሙ። ሳህኑን በአቶ ኦርቪል ፊት አስቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ወደ ምድጃው ተመለሱ። ሳህኑ ላይ የነበረው ጥጉ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ

ወ/ሮ ቨርና ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቀደ። አቶ ኦርቪል በራሳቸው ሆድ ጉዳይ ከሁሉም የበለጠ እውቀት እንዳላቸው ስለታመነ ድምፅ ተሰጥቷቸዋል። አፋቸው ሙሉ ስለነበረ ድምፃቸውን ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ሰጥተዋል። በዚህም መሠረት በሙሉ ድምፅ፦

ሀ) በዛሬው ዕለት ከተራ ቁጥር 1 እስከ 7 የተወሰነው ሁሉ፣ ጄሎውን ጨምሮ፣ ተሽሯል። አቶ ኦርቪል ሦስተኛ ጊዜ እንዲጠየቁ የተወሰነው ተፈጽሞ ያለቀ በመሆኑ መሻር አልተቻለም።

ለ) ቡናው ውሃ ነው የተባለው በወ/ሮ ቨርና ጥያቄ በተለይና በስም ተሽሯል። አቶ ዱዌን በዚህ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ማድረጌ ይመዝገብልኝ ካሉ በኋላ፣ እራት የምታቀርበው ማን እንደሆነች ተነግሯቸው አይመዝገብ ብለዋል።

ሐ) የሐኪሟ "ይብሉ" የሚለው ቃል እንደገና ተመርምሮ የተሟላ ሆኖ ተገኝቷል።

መ) ከእንግዲህ ለአቶ ኦርቪል ስለ ምግብ ምክር ያለው አባል ምክሩን በስልክ ሳይሆን በአካል፣ ሳህን ይዞ፣ አቶ ኦርቪል በልተው ከጨረሱ በኋላ ያቀርባል። ስልክ መደወሉ ግን እንዲቀጥል፤ ስለ አየር ጠባዩ ይወራ።

ሠ) ኮሚቴው ፈርሷል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የምእመናኑ መኪኖች ሲገቡ በመሰማቱ ተዘጋ። በመዝጊያው ላይ ሰብሳቢዋ በማስረጃው ትሪ ላይ የቀረችው ቁራጭ ምን ትሁን ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ራሳቸው አልፈልግም አሉ። አቶ ዱዌን አልፈልግም አሉ። ቦኒ ቢላዋውን አንሥታ ለግማሽ ቦታ ስትፈልግ፣ አቶ ኦርቪል እጃቸውን ዘርግተው ቁራጯን ሙሉዋን በሉ።

ማንም አልጠየቃቸውም። ተቃውሞም አልቀረበም።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ክላረንስ ኢቨርሰን